በጥርስ የሚገዛ ቡና

እኛ ሰፈር ቡና የሚገዛው በጥርስ ነው። ሌላው ቦታ በምን እንደሚገዛ አላውቅም፤ አንዱ በማሽን ነው ይላል፣ ሌላው በወረቀት ነው ይላል። እኛ ግን ሥልጡኖች ስለሆንን የምንሸጠው በዋርሳዬ ጥርስ ነው።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሰዉ ሁሉ ባለጥርሱ ይለዋል። ከተማ ላለ አንድ ነጋዴ ቡና የሚሰበስብለት እሱ ነው፤ መጋዘኑ የነጋዴው፣ ሚዛኑ የነጋዴው፣ ጥርሱ ብቻ የራሱ። እኛ ቡናውን ከነልባሱ አድርቀን በጆንያ እንወስድለታለን። እሱ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከትና ከታችም ከመሀልም ከላይም ፍሬ ያወጣል። ልባሱን በጥፍሩ ይፈለፍላል፣ ፍሬውን ግራ መንጋጋው ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን ጨፍኖ ይነክሳል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደረቅ ነው፣ ወደ ሚዛን። ጥርስ ካስገባና እንደ ጎማ ከታኘከ እርጥብ ነው፣ ወደ ቤት። እርጥብ ቡና ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ሻግቶም አርፎ አይቀመጥም፣ ጎረቤቱን ያሻግታል። ስለዚህ ባለጥርሱ አንድ ደንብ አውጥቷል፤ ካመጣኸው ጆንያ አንዱ እርጥብ ከሆነ ሁሉም ይመለሳል። ሀያ ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ማንም አልተከራከረም። እኔ ተከራክሬያለሁ፤ ግን እኔ ከቁጥር አልገባም። ባሌ እንደሚለው እኔ ከሚዛኑም ከጆንያውም ጋር እከራከራለሁ።

ባሌ ጥሩ ሰው ነው። ወንድሙ ያለውን ሁሉ ከማመን በቀር ምንም ጥፋት የለበትም።

ዘንድሮ ስድስት ጆንያ ነበረኝ። ነበረን ማለት ነበረብኝ፤ ግን የለቀምኩት፣ ያሰጣሁት፣ ደመና በመጣ ቁጥር ላስቲክ ያለበስኩት፣ ዶሮ ስከላከል የዋልኩት እኔ ስለሆንኩ ነበረኝ ልበል። ባሌ ጋሪውን ገፍቷል፤ እሱን አልክድም።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ገና መንገድ ላይ ሳለን ሰዉ ጆንያውን እንደጫነ ሲመለስ አገኘነው። አንዱን ጎረቤት «ምነው?» ብለው «እርጥብ ነው አለኝ» አለ። ሁለተኛዋም እርጥብ፣ ሦስተኛውም እርጥብ። ሰነፎች፣ አልኩ በሆዴ፤ ቡና ማድረቅ የማይችል ሰው ለምን ሽንኩርት አይተክልም።

መጋዘኑ ስንደርስ ዋርሳዬ በዚያ ሙቀት ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ከጆንያዬ አንድ ፍሬ አወጣና ሰው ፊት እንደሚበላ ሙሽራ ጫፉን ነካ አደረገው።

«እርጥብ ነው» አለ።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

«ሀያ ቀን ፀሐይ የበላው ቡና እርጥብ ከሆነ አንተም ራስህ እርጥብ ነህ።»

«እትዬ፣ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ጥርሴ ነው።»

ባሌ ጋሪውን አዙሮ መንገድ ጀምሯል።

ደግመን አራት ቀን አሰጣነው። ደግመን ወሰድነው። «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። ይሄን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ አብዷል። ጥርሱ ተሳስቶ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ፀሐይዋን ነው የጠረጠረው። ቡና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣ። ቡና አስፋልት ላይ ተሰጣ፣ መኪና እየሄደበት። አንዱማ የአልጋውን ፍራሽ አውጥቶ እሱ ላይ ዘረጋና ራሱ መሬት ላይ ተኛ። የኔም ቡና ጆንያው ሲነካ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሽ ጀመር። በወጣ በገባ ቁጥር ደግሞ ይቀላል። ባሌ ጋሪው ሲቀለው ደስ አለው። ቡና የሚሸጠው በኪሎ መሆኑን ሳስታውሰው ደስታው በረደ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ነጋዴው ለዘንድሮ የመጨረሻውን መኪና የሚልከው ቅዳሜ ነው። ከቅዳሜ በኋላ መጋዘኑ ይዘጋል። ያልተጫነ ቡና ለሚመጣው ዓመት ይቀራል፤ የሚመጣው ዓመት ደግሞ የከረመ ቡና ይባልና በአዲሱ ግማሽ ዋጋ እንኳ የሚያየው የለም። እንግዲህ የዓመት ልፋቴ ወይ ቅዳሜ መኪና ላይ ይወጣል፣ ወይ አልጋዬ ሥር ይከርማል።

ማህበራችን የቡና እርጥበት መለኪያ ማሽን አለው። አለው ስል፣ መስታወት ባለው ቁምሳጥን ውስጥ አለ። እንግዳ ሲመጣ አቧራው ይጠረግለትና ፎቶ ይነሳል። ማህበሩ ቢሮ ሄጄ ጸሐፊውን ለአንድ ቀን አውሱን አልኩት።

«ማሽኑ ስስ ነው እናቴ።»

«እኔም ስስ ነኝ።»

«ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ሄዷል።»

«የምን ስብሰባ?»

«የቡና ጥራት።»

እግዜር ያክብርልኝ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ሐሙስ ቀን ባሌን ምንም ሳልለው ዋርሳዬ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ልጣላ ነው። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ ደርድሬ ጨርሻለሁ፤ ከነጋዴው ጋር ተመሳጥረህ እያስደረቅክ ኪሎ ታስቀንሰናለህ የሚለው ሦስተኛው ላይ ነበር። ግቢው ስገባ ሚስቱ ጓዳ ደጃፍ ላይ የተቀቀለ ድንች በማንኪያ ጀርባ ትደፈጥጣለች። ሕፃን የላቸውም። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል።

«ለማነው?» አልኳት።

ወደ ውስጥ አየች። ገባሁ። ባለጥርሱ ሻርፑን ፈትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግራ ጉንጩ እንደ ተነፋ ኳስ። ሲያየኝ ወደ ሻርፑ እጁን ሰደደ፣ ግን ዘገየ።

«ጥርስህ ነው?»

 ሚስቱ ድንቹን ይዛ ገባች። «ወር ሊሞላው ነው እትዬ። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ አይነካውም። አስነቅል ስለው…»

«ዝም በይ አንቺ።»

እኔ ግን ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሰውየው አያኝክም፣ አይነክስም። ፍሬውን አፉ ውስጥ ያስገባና ሕመሙን ፈርቶ ላላ አድርጎ ይጫነዋል። ላላ ተደርጎ የተጫነ ቡና ደግሞ ደረቅም ቢሆን አይሰበርም። ካልተሰበረ እርጥብ ነው። እርጥብ ከሆነ ወደ ቤት። አገር ሙሉ ቡናውን ጣሪያ ላይ የሰቀለው በዚች አንዲት መንጋጋ ነው።

«እና ሳትነክስ ነው እርጥብ የምትለን?»

«ነክሻለሁ።»

«ስመኸዋል እንጂ አልነከስከውም። በቀኝ በኩል ለምን አትነክስም?»

«በቀኝ በኩል ምንም ከሌለ አራት ዓመቱ።»

«እንግዲያው አስነቅለዋ።»

«አስነቅዬው በምን ልግዛ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነጋዴው የቀጠረኝ ለጥርሴ ነው እትዬ፣ ለመልኬ አይደለም።»

«እሱስ እውነትህን ነው።»

ሚስቱ ሳቋ መጣና አፏን ያዘች።

«ጥርስ የለውም የሚል ወሬ ጆሮው ከገባ በሳምንቱ መጋዘኑን ለሌላ ነው የሚሰጠው። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

«እሺ፣ ቅዳሜ ዝም ብለህ ደረቅ ነው በላ። እኛም እንገላገል፣ አንተም።»

ይሄን ስለው ሰደብኩት መሰለው። «ጥርሴ ያልሰበረውን ደረቅ ነው ብዬ አላውቅም። ሀያ ዓመት። አንድ ቀን አልዋሸሁም።»

 ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከሌባ ጋር መደራደር ይቻላል። ይሄ ግን ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱን ደግሞ ያሳረፈው በበሰበሰ ጥርስ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪብኝ» አለኝ ስወጣ።

ቃል አልገባሁለትም። ድንቹ እንዳይቀዘቅዝብህ ብዬው ወጣሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመሄድ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በጀርባዬ ከተማ ብወስዳቸው ደስ ይለኛል። አማቴ፣ የባሌ እናት ናቸው። ከልጃቸው በፊት ሰብሳቢው የባሌ አባት ነበሩ፤ ስሙ የሳቸው፣ ንክሻው ግን የአማቴ። ለልጃቸውም ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው፤ አንድ ጥርስ አልወለቀባቸውም። ክፋት ጥርስ ያጠነክራል መሰለኝ። እኔና እሳቸው ከሠርጌ ዕለት ጀምሮ አንዋደድም፤ በዚህ በኩል ሁለታችንም ቃላችንን ጠብቀናል።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ምን ቸግሮሽ መጣሽ?» አሉኝ። እንዴት አደርሽ የሚባለውን ለሌላኛዋ ምራታቸው ነው የሚያስቀምጡት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። በቆሏቸውን አላቆሙም።

«ልጅ ሆኖ ስኳር ይሰርቅ ነበር» አሉ ስጨርስ። «ነግሬው ነበር።»

«ነገ መጋዘን ብቅ ብለው ቢነክሱልን ብዬ ነው።»

«ላንቺ ብዬ?»

«ለልጅዎ ብለው።»

ሌላ በቆሎ አነሱ። «ለልጄ ከሆነ እመጣለሁ። ግን ዕወቂው፣ ጥርሴ ምራት አያውቅም።»

ጥርስዎም በእርስዎ ወጣ ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። በአፌ ያልኩት እግዜር ይስጥልኝ እማማ ነው።

ቤት ተመልሼ ስድስቱን ጆንያ ስሰፋ፣ እዚያ ከታች ዘግይተው የደረሱት ዛፎች የሰጡኝን ቡና አየሁት። አንድ ጆንያ ይሞላል። ፀሐይ ላይ የዋለው አምስት ቀን ብቻ ነው። አምስት ቀን ትንሽ ነው፤ ለኔ ማንም አይነግረኝም። ግን የመጨረሻ መኪና ነው። ጆንያ ውስጥ ጨመርኩና አፉን ሰፋሁት።

«ይሄ እኮ አልደረቀም» አለ ባሌ።

«አውቃለሁ።»

«እማዬ ጥርሷ ይሠራል እኮ።»

«የመንደሩን ጆንያ ሁሉ ነክሰው የኛ ሰባተኛ ጆንያ ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል። ካልደከማቸውም ይሰለቻቸዋል።»

ባሌ ምንም አላለም። ምንም ካላለ ደግሞ ልክ ነኝ ማለት ነው ብዬ የማምነው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ መኪናው መጋዘኑ ግቢ ቆሟል። ሹፌሩ የነጋዴው የእህት ልጅ ነው፤ ጎማው ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። ወሬ ይወዳል፤ እዚህ ያየውን ሁሉ ከተማ ሲደርስ ለአጎቱ ሳይነግር አያድርም። ሰዉ ጆንያውን ደርድሮ እንደ ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ተራውን ይጠብቃል። ባለጥርሱ ሻርፑን ጠምጥሞ ሚዛኑ አጠገብ ነው፤ ሚስቱ ከኋላው ድንቹን በሳህን ሸፍና ይዛ ቆማለች። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ ከኋላዬ በበትራቸው እየተመረኮዙ ሲገቡ ሲያይ ደግሞ አመዱም ጠፋ።

«ወንበር አምጣ» አሉት ልጃቸውን። አመጣ።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አለ ሹፌሩ።

«ንክሻ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ አማቴ። «ዘንድሮ ያየውን ሁሉ እርጥብ ይላል ሲሉ ሰማሁ። ረስቶት እንደሆነ ልፈትነው መጣሁ። ቅር ይልሃል?»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ እማማ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

ጀመሩ። የመጀመሪያው ጎረቤት ጆንያ፣ ቀጭ። ሁለተኛው፣ ቀጭ። ድምፁ ግቢው ጥግ ድረስ ይሰማል። «ይሄ ደረቅ ነው። ይሄም ደረቅ ነው። ይሄ ከደረቀ ቆይቷል፣ ይቅርታ ጠይቁት።» ፍራሹ ላይ ያሰጣውን ሰውዬ ቡና ነከሱና ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት፤ «ይሄ ማደሪያው ተመችቶታል» አሉ። ሰዉ ሳቀ። በወር አንዴ ያልሳቀ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆንያው ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ መኪና ይሄድ ጀመር።

የኔ ተራ ደረሰ። አንዱን ነከሱ፣ ቀጭ ሳይሆን ድቅቅ አለ። የተሰባበረውን መዳፋቸው ላይ ተፉት።

«ይሄ ቡና ነው ከሰል?»

«ልጅዎ እርጥብ ነው ብሎኝ ነዋ።»

«እሱ ቢልሽ አንቺ ዓይን የለሽም? ቡና ይደርቃል እንጂ እንዲህ አይቀጣም።»

ሰዉ አሁንም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ በከንፈሬ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው ነከሱ። ደከማቸው ወይ ብዬ አያለሁ፤ እንደ ልጃገረድ ቀጥ ብለዋል። ከሰባተኛው ጆንያ አንድ ፍሬ አወጡ። ፈለፈሉ። ነከሱ። ድምፅ የለም። ደግመው ነከሱ። ከዚያ ከአፋቸው አውጥተው ጥርሳቸው የገባበትን አዩና ፍሬውን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ይሄስ ከየት መጣ?»

«ከታች ካሉት ዛፎች።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት።»

በትራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ደንቡ ምን ይላል?»

«ሁሉም ይመለሳል» አለ ባለጥርሱ።

 ስድስቱ ጆንያዬ፣ ከሰል ነው የተባሉት እንኳ፣ ሚዛኑ ሥር ቆመዋል፤ መኪናው ላይ ገና ቦታ አለ። ሹፌሩ ኦቾሎኒውን አቁሞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል፤ የሆነ ነገር ሸቶታል። እኔ ደግሞ ለመናገር አፌ ሰፊ ነው፣ ይታወቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጥርስ የለውም፣ ወር ሙሉ የነገራችሁ ውሸት ነው ብል፣ ደንቡም ከጥርሱ ጋር ይወድቃል፣ ጆንያዬም ከደንቡ ሥር ይወጣል። አፌን ከፈትኩ። ሚስቱን አየኋት። ሳህኑን ግጥም አድርጋ ይዛዋለች።

ደግነት ነው አልልም፤ ደግነት እኔ ጋ ብዙ አይቆይም። ብቻ መዳፌ ላይ ያለችው ፍሬ እርጥብ ነበረች።

«እርጥብ ነው» አልኩ። «አውቄ ነው ያመጣሁት።»

ባሌ የጋሪውን እጀታ ለቀቀው። ሀያ ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ከአፌ ሰምቶት አያውቅም። አማቴ እንኳ ቀና ብለው አዩኝ።

ጆንያዬን ልጎትት ጎንበስ ስል ባለጥርሱ ተነሳ።

«ቆይ» አለ። «እማዬ ልትፈትነኝ ነው የመጣችው፣ ፈተነችኝ፣ ጨረሰች። ለነጋዴው የምገዛው ግን እኔ ነኝ። የሚጸናው የገዢው ጥርስ ነው።»

ሻርፑን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለ። ጉንጩን ሁሉም አየው። እጁን እስከ ክርኑ የመጀመሪያው ጆንያዬ ውስጥ ከተተ። ፍሬውን ግራ መንጋጋው ላይ አስቀመጠ።

«ተው» አልኩት ቀስ ብዬ።

ዓይኑን ጨፈነ። ቀጭ።

ይሄን ጊዜ አልሳመውም፣ ነከሰው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ እጁ የጆንያውን አፍ ጨመደደው። ዓይኑን ሲከፍት እንባ ሞልቶታል። «ደረቅ ነው» አለ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ቀጭ። «ደረቅ ነው።» ሦስተኛው ላይ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አራተኛው ላይ ሚስቱ ፊቷን አዞረች። እኔ አላዞርኩም፤ ለኔ ነው የሚነክሰው፣ ማየት ነበረብኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ሹፌሩ።

«አቧራ ነው።»

ስድስተኛውን ነክሶ ሲጨርስ ሰባተኛውን በእጁ ገፋ አደረገው። «ይሄን አላየሁትም። ይሄ አልመጣም።»

ስድስቱ ጆንያ ወደ ሚዛን ወጣ። መርፌው የአምስት ጆንያ ያህል ብቻ ተነሳና ቆመ፤ ከወር በፊት ቢሆን የስድስት ነበር። የቀረውን ፀሐይዋ በልታዋለች፣ እኔም አብልቻታለሁ። ከሚዛኑ ጋር ልከራከር ፈልጌ ነበር። ባለጥርሱ የግዢ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ከንፈሩ ዳር ላይ ደም አየሁና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

መኪናው ወጣ። መኪናው ሳይርቅ ባለጥርሱ ወደ መጋዘኑ ጓሮ ሄደ፤ ሚስቱ ውሃ ይዛ ተከተለችው። ጥርሱ እዚያው በጣቱ ወለቀ። ሚስቱ ቆይታ የነገረችኝ ነው። ከሷ ሌላ እኔና አማቴ ብቻ ነን የምናውቀው፤ ባሌም ያውቃል፣ ግን ባሌ ሲያውቅም እንደማያውቅ ነው።

እኛ ሰባተኛውን ጆንያ ጋሪው ላይ ጭነን ወደ ቤት ጀመርን። አማቴ ከኋላ በበትራቸው ይከተሉናል።

«ጆንያውን ወደኔ ግቢ አምጡት» አሉ። «እኔ አደርቀዋለሁ።»

«እኔ አደርቀዋለሁ።»

«አንቺማ ታከስይዋለሽ።»

«ይክሰል። የኔ ነው።»

«ሳሳ አድርገሽ ነው የምታሰጪው። እንደ ክምር አይደለም። በቀን አራቴ ይገላበጣል።»

«አምስቴ ነው የማገላብጠው።»

«አምስቴማ ይሰባበራል።»

«እርስዎ ስንት ጊዜ ነው የሚያገላብጡት?»

«አራት አልኩሽ።»

«እንግዲያው አምስት።»

መገንጠያው ላይ ባሌ ጋሪውን አቆመና ግንባሩን ጠረገ። ወደየትኛው ግቢ ልግፋው አለ። ሁለታችንም አንድ ላይ «ወደኔ!» ብለን መለስንለት።